ግብር በግምት ሲሆን ምቀኝነት ይሾማል

በ2009 ክረምቱ ሊገባ ሲል አክስቴ ሱቅ ለግብር የቀን ሽያጭ የሚገምቱ ሦስት ሰዎች መጡ። አንዱ ደብተር ይዟል። ሁለቱ መደርደሪያውን ይቃኛሉ። ዘይት፣ ስኳር፣ ሳሙና፣ ፓስታ፣ ዳቦ። «እናት፣ በቀን ስንት ይሸጣሉ?» አሏት። «800 ብር ገደማ» አለች። ቀኑ ቅዳሜ ነው። ደሞዝ የወጣበት ሰሞንም ነበር። ደጃፉ ላይ ሰው ተኮልኩሏል። ትንሽ ቆመው አዩና ሄዱ። ከሳምንታት በኋላ የደረሳት ወረቀት ላይ የቀን ሽያጯ 2,400 ብር ተብሎ ተጽፏል።

አክስቴ መጀመሪያ የተናደደችው በገማቾቹ አልነበረም። «ማን ነው የጠቆመኝ?» ነው ያለችው። ፊት ለፊቷ ሻይ ቤት ያላትን ጎረቤቷን ጠረጠረች። ስንት ዓመት ቡና ተጠራርተው የጠጡ ሴቶች ናቸው። ከዚያ ክረምት በኋላ ቡናው ቀረ። ጎረቤቷ ትጠቁም አትጠቁም እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። እኔ የጠቆመች አይመስለኝም። ግን ግምቱ የተመሠረተበትን ማስረጃ ያሳያት ሰው ስላልነበረ፣ በቦታው ጥርጣሬ ገባ።

ስለ ግብርና ስለ ምቀኝነት ሳስብ ሁልጊዜ የሚመጣብኝ ይህ የቀረ ቡና ነው። ብዙ ሰው ምቀኝነትን የሰው ጠባይ ብቻ አድርጎ ያየዋል። ከልብ የሚመጣ፣ በጸሎትና በምክር የሚድን በሽታ። እውነት አለው። ነገር ግን መንግሥት የሚሠራበት መንገድ ምቀኝነትን ሊያከስመውም ሊቀልበውም ይችላል። ግብሩ በታወቀ ሕግና በተቆጠረ ሂሳብ ሲሰላ፣ የጎረቤት ዓይን ምንም ሥልጣን የለውም። በግምት ሲሰላ ግን ያ ዓይን ማስረጃ ይሆናል። «እሷ እኮ ገበያዋ ደርቷል» የሚለው ወሬ ከወሬነት አልፎ ብር ይሆናል።

የ2009ኙን ነገር ላስታውስ። በጊዜው ሕግ፣ ዓመታዊ ሽያጩ ከ500 ሺህ ብር በታች የሆነ ነጋዴ ደረጃ «ሐ» ነው። የሂሳብ መዝገብ አይያዝም። ግብሩ የቁርጥ ነው። ከ500 ሺህ ጀምሮ 1 ሚሊዮን ያልሞላው ደረጃ «ለ»፣ 1 ሚሊዮንና ከዚያ በላይ ያለው ደረጃ «ሀ» ነው። እነዚህ ሁለቱ መዝገብ መያዝ አለባቸው። ስለዚህ የቀን ገቢ ግምቱ የግብሩን መጠን ብቻ አይደለም የሚወስነው። ሰውየው በየትኛው ሕግ እንደሚተዳደርም ይወስናል። የአክስቴን እንያው። 800 ብር በ300 ቀን ቢባዛ 240 ሺህ ነው። 2,400 ብር በ300 ቀን ቢባዛ 720 ሺህ። አንዲት የሰፈር ባለ ሱቅ በአንድ ቅዳሜ እይታ ሂሳብ ሠራተኛ መቅጠር ያለባት ነጋዴ ሆነች ማለት ነው።

ደግሞ «የቀን ገቢ» የሚለው ስም ራሱ ብዙ ሰው አደናገረ። ባለሥልጣናቱ የሚሉት የቀን ሽያጭ ነው። ነጋዴው የሚሰማው የቀን ትርፍ ነው። በሽያጭና በትርፍ መካከል ያለው ርቀት ደግሞ እንደ ሥራው ይለያያል። ስኳር የሚሸጥ ሰው 100 ብር ሲቀበል፣ አብዛኛው የሚመለሰው ስኳሩን ወዳመጣለት አከፋፋይ ነው። ፀጉር የሚሠራ ሰው 100 ብር ሲቀበል ነገሩ ሌላ ነው። ሕጉ ይህን ልዩነት ያውቀዋል፤ ለየዘርፉ የትርፍ ህዳግ አለው። ሰፈር ውስጥ የቆመ ሰው ግን አያውቀውም። ሰልፉን ነው የሚያየው። «ይሄን ሁሉ ብር!» ይላል። ምቀኝነት ገቢን እንጂ ወጪን አይቆጥርም።

በሐምሌ 2009 አምቦና ወሊሶ ላይ ሱቆች ተዘጉ። ነገሩ ወደ ሌሎች ከተሞችም ተዛመተ። አዲስ አበባም ውስጥ የዘጉ፣ ንግድ ፈቃዳቸውን ለመመለስ የተሰለፉ ነበሩ። መንግሥት «ግብር መክፈል የማይፈልጉ» አላቸው። በእርግጥ እንደዚያ ያሉም አይጠፉም። ግን ያን ጊዜ የሰማሁት ቁጣ በአብዛኛው «ለምን እከፍላለሁ» የሚል አልነበረም። «በምን ሂሳብ?» የሚል ነበር።

አክስቴ ቅሬታ አቀረበች። ተመላልሳ 1,600 ብር ተደረገላት። በ300 ቀን 480 ሺህ ነው፤ ወደ ደረጃ «ሐ» ተመለሰች። ሁላችንም «እሰይ!» አልን። አሁን ሳስበው ግን ያ መቀነስ ከመጀመሪያው ጭማሪ ባልተናነሰ ይረብሸኛል። 2,400 ሲሆን ምክንያቱን የነገራት አልነበረም። 1,600 ሲሆንም የነገራት የለም። በደል ሲደርስባት አቤት ብላ መብቷን እንዳስከበረች አልተሰማትም። ለምና እንዳገኘች ነው የተሰማት። በነፃ አገር ዜጋ ከመንግሥት ጋር የሚኖረው ግንኙነት እንዲህ መሆን የለበትም።

ይግባኙም ቀላል አይደለም። በ2008 የወጣው የታክስ አስተዳደር አዋጅ፣ ውሳኔውን ተቃውሞ ወደ ታክስ ይግባኝ ኮሚሽን የሚሄድ ሰው ክርክር ካለበት ግብር ላይ 50 በመቶውን አስቀድሞ እንዲከፍል ይጠይቃል። የዚህ ሐሳብ ይገባኛል። ጊዜ ለመግዛት ብቻ የሚከራከር አለ። ለትልቅ ኩባንያ ይህ የጥሬ ገንዘብ ጣጣ ነው። ለባለ ሱቅ ግን ግማሹን ከከፈለች በኋላ ዘይትና ስኳር የምታመጣበት ገንዘብ ላይኖራት ይችላል። ገማቹ ቢሳሳት ከኪሱ የሚከፍለው የለም። እሷ ግን ተሳስቷል ለማለት እንኳን ትከፍላለች።

እዚህ ላይ ስለ ቋንቋችን አንድ ነገር ልበል። «ትርፍ» የምንለው ቃል ሁለት ነገር ነው። ነጋዴ ከሽያጩ የሚቀረው ትርፍ ነው። ከሚገባው በላይ የሆነው፣ የተረፈው፣ የማያስፈልገውም ትርፍ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሰፊ ነው፤ ግን በአንድ ቃል ስለምንጠራቸው አንዱ ወደ ሌላው በቀላሉ ይንሸራተታል። «አተረፈ» ስንል «ከሚገባው በላይ ያዘ» የሚል ጥላ አብሮ ይመጣል።

ይህ ጥላ አንድ ጊዜ አዋጅ ሆኖ ወጥቷል። ሐምሌ 1967፣ አዋጅ ቁጥር 47። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። አንድ ቤተሰብ የሚኖርበት አንድ ቤት ይበቃዋል፤ ከዚያ የተረፈው «ትርፍ ቤት» ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ሁኔታ ጥሩ ነበር የሚል ሰው ካለ አልስማማም። የአዲስ አበባ መሬት በጥቂት ሰዎች እጅ ነበር። ተከራዩ በባለቤቱ ፈቃድ ያድር ነበር። ብሶቱ እውነተኛ ነው። ሕዝቡ አዋጁን በሆታ ነው የተቀበለው። የዝቅተኛ ቤቶች ኪራይም ተቀነሰ።

ግን አዋጁ አንድ መቶ ቤት ያለውን መስፍንና ሁለተኛ ቤት ሠርታ በኪራዩ ልጆቿን የምታሳድገውን መበለት በአንድ ስም ጠራቸው። ሁለቱም ባለ ትርፍ ቤት ናቸው። ጥያቄው «ቤቱ እንዴት ተገኘ?» አልነበረም። «ስንት አለህ?» ነበር። በ1968 ደግሞ የካፒታል ጣሪያ መጣ። ቸርቻሪ ከ200 ሺህ ብር፣ ጅምላ ነጋዴ ከ300 ሺህ፣ አምራች ከ500 ሺህ ብር በላይ ካፒታል እንዳይኖረው። ሰው ከአንድ በላይ የንግድ ሥራም አይይዝም። ይህ ከግብር የተለየ ነገር ነው። ግብር «ካገኘኸው ይህን ያህል ለጋራ አዋጣ» ይላል። ጣሪያው ግን «ከዚህ በላይ አታግኝ» ነው የሚለው። አህያ «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል» አለች እንደሚባለው፣ እዚህ ማንም የሚያገኘው ነገር የለም፤ ያ ሰው እንዳያገኝ ብቻ ነው። ጣሪያው እስከ 1982 ቆየ።

ቤቶቹስ? ዝቅተኛ ኪራይ ያላቸው ለቀበሌ ተሰጡ። ኪራዩ ለአሥርት ዓመታት እንደዚያው ነበር። በዚያ ብር ጣሪያ አይጠገንም። አዲስ አበባ ያደገ ሰው የቀበሌ ቤት ምን እንደሚመስል ያውቃል። ዝናብ ሲመጣ ሳህን የሚደረደርበት ቤት። ባለቤቱ ተነጠቀ፤ ተከራዩም የተሻለ ቤት አላገኘም። መካከል ላይ የቆመው መንግሥት ብቻ አከራይ ሆነ።

አሁን ወደ ሌላኛው ጫፍ ልሂድ፤ እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚደረግ ማጭበርበር አለ። አንድ ሰው «ሀብታሙ ድርሻውን ይክፈል» ሲል «ምቀኛ!» ብሎ አፉን መዝጋት። ይህ ሐቅ አይደለም። አንዲት አስተማሪን አስቡ። ደሞዟ እጇ ከመግባቱ በፊት ግብሩ ተቆርጧል። የምትደብቀው ነገር የለም፤ ገማች አያስፈልጋትም። ከእሷ ቤት ሁለት ደጃፍ አልፎ ደግሞ በሚሊዮኖች የሚያንቀሳቅስ፣ ደረሰኝ ሲጠየቅ «ያለ ደረሰኝ ከሆነ እቀንስልሻለሁ» የሚል ነጋዴ አለ። እሷ በእሱ ብትናደድ ምቀኝነት ነው? አይደለም። ምቀኛ የሚፈልገው የሌላው ማጣት ነው። እሷ የምትጠይቀው እሷን የያዘው ሕግ እሱንም እንዲይዘው ነው።

ደሞዝተኛው ላይ የተሠራውን ደግሞ ቁጥሩ ይናገራል። በ2008 በወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ከግብር ነፃ የሆነው ደሞዝ እስከ 600 ብር ነበር። ከ10,900 ብር በላይ ያለው 35 በመቶ ይከፍላል። ያኔ 10,900 ብር 500 ዶላር ገደማ ነበር። ከዚያ ብር ወረደ፣ ዋጋ ናረ፣ ደሞዝም በስሙ ትንሽ ጨመረ። መስመሩ ግን አልተንቀሳቀሰም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ። በመጨረሻዎቹ ወራት 10,900 ብር 100 ዶላር እንኳን አይሞላም ነበር። ማንም የግብር ጭማሪ ሳያውጅ፣ ምክር ቤት ሳይወያይበት፣ ኑሮ የከበደው ሰው የሀብታም መደብ ውስጥ ገባ።

በሐምሌ 2017 ምክር ቤቱ አዋጁን አሻሻለ። ነፃው ወለል 2,000 ብር ሆነ፤ 35 በመቶው ከ14,000 ብር በላይ ይጀምራል። 10,900 ብር የሚያገኝ ሰው በፊት 2,315 ብር ይቆረጥበት ነበር። አሁን 1,920 ብር ነው። የ395 ብር ልዩነት። ጥሩ ነው፤ ግን ለዘጠኝ ዓመት የዋጋ ንረት ካሳ አይሆንም። እኔ መንግሥት እንዲያደርግ የምፈልገው ቀላል ነገር ነው፦ መስመሩ ከዋጋ ንረት ጋር በየዓመቱ ይንቀሳቀስ። ያኔ ግብር መጨመር የፈለገ መንግሥት በግልጽ ወጥቶ «ልጨምር ነው፣ ምክንያቴም ይህ ነው» ማለት ይኖርበታል።

ዋጋ በናረ ቁጥር የምንሰማው አንድ ሐረግም አለ። «ስግብግብ ነጋዴዎች።» ስግብግብ ነጋዴ የለም አልልም። ግን ስግብግብነት ዓመት እየጠበቀ የሚመጣ ነገር አይደለም። ብር ሲበዛ፣ ዶላር ሲጠፋ፣ መንገድ ሲዘጋ ዋጋ ይወጣል። ይህን ማስረዳት አስቸጋሪ ነው፤ ለባለሥልጣንም አይመችም። ጣትን ወደ ሱቁ መቀሰር ይቀላል። ሕዝቡም በአንድ ጀንበር ይረካል። ሱቁ ይታሸጋል፣ ፎቶ ይነሳል። በማግስቱ ስኳሩ ጭራሽ ይጠፋል። መንግሥት የሕዝብን ብሶት ወደ ጎረቤት ዓይን ሲያዞረው፣ ራሱ ከጥያቄ ያመልጣል። በእኔ እምነት ምቀኝነት ለገዢ የሚጠቅመው ከሁሉ በላይ በዚህ በኩል ነው።

«ግብር» የሚለውም ቃል ታሪክ አለው። ገበሬው ለጌታው የሚገብረው ግብር ነው። በቤተ መንግሥት አዳራሽ ሥጋና ጠጁ የሚቀርበውም ግብር ነው፤ ምኒልክ ግብር አበሉ እንላለን። የገባው ተመልሶ ሲወጣ ይታይ ነበር ማለት ነው፤ ምንም እንኳን በዋናነት ገባሪው አንዱ፣ በላተኛው ሌላ ቢሆንም። በ1880ዎቹ ምኒልክ አስራትን ሲደነግጉ ምክንያቱ የሚገርም ነው። ወታደሩ በየገበሬው ቤት እየተመራ ይቀለብ ነበር። ስንት እንደሚበላ፣ ስንት ቀን እንደሚቆይ የሚያውቅ የለም። አስራቱ ይህን ሊተካ ነው የመጣው፤ ከአሥር አንድ፣ ወታደሩ ደግሞ ከጎተራ ይቀለብ። ከባድ ነበር፣ ግን ቁጥር ነበረው። አሥረኛውን ለማወቅ እህሉን የሚለካ ወይም የሚገምት ሰው ማስፈለጉ ግን አልቀረም።

በ1960 ደግሞ አስራት ቀርቶ የእርሻ ገቢ ግብር መጣ። በወረቀት ላይ የተሻለ ሕግ ነበር፤ ያገኘው እንደ አገኘው ይክፈል ነው የሚለው። ጎጃም ግን ተነሳ። ገበሬው ገማቾቹንና መሬት መለካቱን ሲያይ ርስቱ ሊወሰድበት እንደሆነ ጠረጠረ። ጦር ዘመተ፣ ሰው ሞተ፣ መጨረሻ ላይ ንጉሠ ነገሥቱ ውዝፉን ማሩ፣ አገረ ገዢውንም አነሱ። ጥሩ ሕግ እንኳን የማይታመን ሰው ይዞት ሲመጣ እንዲህ ይሆናል።

ስለ ጎረቤት ዓይን ካነሳን ኖርዌይን መጥቀስ አለብኝ። እዚያ የሚኖሩ ወገኖቻችን ያውቁታል። የማንኛውም ሰው ገቢ፣ ሀብትና የከፈለው ግብር ክፍት መዝገብ ነው። ኢንተርኔት ላይ ሲወጣ ሰው የጎረቤቱን፣ የአለቃውን፣ የቀድሞ ፍቅረኛውን ይፈልግ ጀመር። እ.ኤ.አ. በ2014 አንድ ነገር ብቻ ቀየሩ፦ ማን እንደፈለገህ አንተም ታያለህ። መዝገቡ አልተዘጋም። ፍለጋው ግን በእጅጉ ቀነሰ። ጋዜጠኛው ሥራውን ቀጠለ፤ ስሙ ቢታይ ምን ቸገረው? የጠፋው በጨለማ የሚያጮልቀው ዓይን ነው።

እኛ ዘንድ የግብር ስወራን ለጠቆመ ሰው ድርሻ የሚሰጥ ሕግ አለ። ትልቅ ስወራ ውስጥ ሠራተኛው ብቻ የሚያውቀው ነገር ስላለ አልቃወመውም። ግን ጥቆማ ሁለተኛ መዝገብ፣ ሐሰተኛ ደረሰኝ፣ የተደበቀ መጋዘን ሲያሳይ አንድ ነገር ነው። «ሱቁ ሁልጊዜ ሙሉ ነው» ሲል ሌላ ነው። የመጀመሪያውን መርማሪ ሄዶ ሊያረጋግጠው ይችላል። ሁለተኛው ከወሬ አያልፍም፤ እንዲህ ያለው ነገር የማንንም ግብር ሊነካ አይገባም።

የ2017ቱ ማሻሻያ ለትንንሽ ነጋዴዎችም አዲስ ነገር አምጥቷል። ሦስቱ ደረጃዎች ሁለት ሆነዋል። ዓመታዊ ሽያጩ ከ2 ሚሊዮን ብር በታች የሆነው ነጋዴ ግብሩ በሽያጩ ላይ ተመሥርቶ ይሰላል። ከሕጉ አንፃር ቀሎለታል። የድሮው ጥያቄ ግን እዚያው ነው፦ ሽያጩን ማን ይቆጥረዋል? ነጋዴው ራሱ ይመዘግበዋል ወይስ ቅዳሜ የመጣ ሰው ቆሞ ያየዋል? ዛሬ ብዙ ደንበኛ በቴሌብር ይከፍላል፤ ቢያንስ ለዚያ ክፍል ዱካ አለ። ለቀረው ጥሬ ገንዘብ ግን የሚታመን ቀላል መዝገብ ያስፈልጋል። ገቢዎች ያንን መዝገብ ሲቀበል በጽሑፍ፣ ሲጥለውም ምክንያቱን ጠቅሶ በጽሑፍ ማድረግ አለበት።

አክስቴ አሁን ደብተር ይዛለች። የአጎቴ ልጅ ነው ያሰመረላት። በግራ የገባ፣ በቀኝ የወጣ። ማታ ሱቁን ከዘጋች በኋላ መነጽሯን አድርጋ ትጽፋለች። ዳቦ 40፣ ሳሙና 6፣ ዘይት 3። ባለፈው ስሄድ ሁለተኛውን ደብተር ጀምራለች። የመጀመሪያውን በላስቲክ ጠቅልላ ከመደርደሪያው በላይ አስቀምጣዋለች። አሳየችኝና «ልጄ፣ ሲመጡ ያዩታል ወይ?» አለችኝ።